ከጋፋት እስከ መቅደላ፤ ዐፄ ቴዎድሮስና የመሣሪያ ሥራ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ የጨጨሆን አቀበት ከወጣ በኋላ የመቄትን ደጋ ይይዛል። ፍላቂት የምትገኘው በዚሁ ደጋ ላይ ነው። ምድሩ በስተሰሜን ወደ ተከዜ፣ በስተደቡብ ወደ በሽሎ ገባሮች እየተሰነጠቀ ስለሚወርድ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚያልፍ ሰው ብዙ ምርጫ የለውም፤ ሸንተረሩን ተከትሎ ወደ ቤተ ሆርና ወደ ዋድላ መዝለቅ አለበት። ከወልድያ ወደ ወረታ የተዘረጋው የመኪና መንገድም ይህንኑ የተፈጥሮ መስመር የያዘ ነው። መኪና ከመምጣቱ መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግን፣ በ1860 ዓ.ም. በዚህ አገር በኩል በኢትዮጵያ ምድር ከዚያ በፊት በጎማም ሆነ በጫንቃ ተጉዞ የማያውቅ ጭነት አለፈ። ጭነቱ ከነሐስ የተቀለጠ መድፍ ነበር፤ ጎታቾቹ ሰዎች ነበሩ፤ መንገዱን በፊት በፊቱ የሚያስጠርጉት ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ብዙ ተጽፏል፤ ተዘፍኗል፤ በመድረክም ታይቷል። ጀግንነታቸውና ቁጣቸው፣ አንድነት የማምጣት ምኞታቸውና አሟሟታቸው ልጅ አዋቂው የሚያውቀው ነው። ለብረታ ብረት ሙያተኛ ግን የኚህ ሰው ሕይወት ገና በሚገባ ያልተነበበ ገጽ አለው። ከዚያ በፊት የነበሩ ገዥዎች መሣሪያ ይገዙ፣ ይማርኩ ወይም በስጦታ ይቀበሉ ነበር። ቴዎድሮስ ግን መሣሪያ የሚወለድበትን ቤት ፈለጉ። ምኞታቸው የት ድረስ እንደተሳካና የት ላይ እንደተሰበረ ለመረዳት የጦር ሜዳውን ብቻ ሳይሆን እቶኑንና ሞርሳውንም ማየት ያስፈልጋል።

የኋላው ንጉሠ ነገሥት ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። በልጅነታቸው በቤተ ክህነት ተምረው፣ በጎልማሳነታቸው በዘመዳቸው በደጃዝማች ክንፉ ቤት የወታደርነትን ሙያ ቀሰሙ፤ ከዚያም ሸፍተው በቆላው ምድር የራሳቸውን ጭፍራ አቋቋሙ። ይህ ሁሉ በሌሎች መጻሕፍት በስፋት ስለተነገረ እዚህ መድገም አያሻም። ሊታለፍ የማይገባው አንድ ቀን ብቻ ነው። በመጋቢት 1840 ዓ.ም. ካሣ በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ በተባለ ስፍራ ግብፆችን ገጠሙ። በቁጥርና በድፍረት የሚተማመነው ጭፍራቸው በእሾህ አጥር ውስጥ ሆኖ በሥርዓት የሚተኩስ ሠራዊትና መድፍ አጋጠመውና ተበተነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሽንፈቱን ለዕድል ወይም ለእግዚአብሔር ቁጣ በሰጠው ነበር። ካሣ ግን ከዚያ ሜዳ ይዘው የተመለሱት አንድ እምነት ነው፤ ይኸውም ጀግና በሥርዓት ከቆመ ወታደርና ከመድፍ ፊት ብቻውን ዋጋ እንደሌለው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ መድፍ ከሐሳባቸው አልወጣም።

ከአምስት ዓመት በኋላ የዘመነ መሳፍንት ባላባቶች በተራ ወደቁ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹ ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የራስ አሊ ኃይል አይሻል ላይ ተሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤ ሲማረኩ ከባሕር በር ያስገቡት የነበረው የጠመንጃ ክምችት በአሸናፊው እጅ ወደቀ፤ ካሣም ውቤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

የውቤ ክምችት ለአዲሱ ንጉሥ ደስታም ጭንቀትም ነበር። ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በምጽዋ ነው፤ ምጽዋ በቱርኮች እጅ ናት። ከባሕሩ ጋር የሚዋሰነው የሰሜን ገዥ የመጀመሪያውን ዕቃ ያገኛል፤ በመሐል አገር የተቀመጠው ንጉሠ ነገሥት ግን የሌላውን ፈቃድ ይጠብቃል። በሩን የያዘ በፈለገ ጊዜ ይዘጋዋል፤ የተሰበረ ጠመንጃ መለወጫ ዕቃ አይገኝለትም፤ ባሩድና አረርም እንዲሁ። ቴዎድሮስ ይህን ሲያሰሉ የደረሱበት መደምደሚያ ቀላል ነው፤ መሣሪያው እዚሁ መሠራት አለበት።

እዚህ ላይ የአገሩን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ላስታ ከአንድ ቋጥኝ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሎ ያወጣ አገር ነው። ማረሻውን፣ ጦሩን፣ ልጓሙን የሚሠራ ቀጥቃጭ በየመንደሩ ጠፍቶ አያውቅም፤ ወናፍ ነፍቶ፣ ብረት አግሎ፣ በመዶሻ ቅርጽ የሚያስይዝ እጅ ነበር። ነገር ግን ያ እጅ የተናቀ ነበር። ባለእጅ ሁሉ ቡዳ ይባላል፤ ከእርሱ ጋር መጋባት ነውር ነው፤ ርስት አይወርስም። የገበሬውን ማረሻና የጌታውን ጦር የሚያበጀው ሰው በማኅበሩ ዳር ይኖር ነበር። ቴዎድሮስ ከዚህ ልማድ የወጡ ነበሩ። ሲሠራ የሚውል ሰው ከሚቀድስና ከሚሟገት ሰው ይልቅ ያስደስታቸው ነበር፤ ባለሙያን አስቀርበው ያነጋግራሉ፣ ከእቶኑ ዳር ቆመው ያያሉ፣ ይሸልማሉ፣ በስማቸው ይጠሩታል። በዘመኑ መኳንንት ዘንድ ይህ እንግዳ ጠባይ ነበር።

ባለሙያዎቹ የመጡት ከማይጠበቅ አቅጣጫ ነው። በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ፣ ወንጌልን ከእጅ ሥራ ጋር ይዘው የሚጓዙ ወጣት ሚሲዮናውያን ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንዝለን፣ በኋላም ዋልድማየርና ዛልሙለር ከእነዚህ ናቸው። ለቤተ እስራኤል ወገኖች እንዲሰብኩ ተፈቀደላቸው፤ መኖሪያቸውም በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት ሆነ። ከእነርሱ ጋር የፖላንድ ተወላጁ ሞሪትስ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ተቀላቀሉ። መጀመሪያ የታዘዙት ለሙያቸው የቀረበ ሥራ ነበር፤ ቤት ሠሩ፣ ጋሪ አበጁ፣ መንገድ ጠረጉ፣ የተበላሸ ጠመንጃ አደሱ።

በ1850ዎቹ መጀመሪያ ግን ትእዛዙ ተለወጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መድፍ እንዲሠሩላቸው ጠየቁ። ሚሲዮናውያኑ ደነገጡ። ከመካከላቸው መድፍ ቀልጦ ሲፈስ ያየ እንኳ አልነበረም፤ ይልቁንም የሰላም መልእክተኞች ነን ብለው ለመጡ ሰዎች ጥያቄው የሕሊና ፈተና ነበር። እንደማይችሉ ተናገሩ። ቴዎድሮስም አገልጋዮቻቸውን አሰሩባቸውና እንቢታው ወደ ሙከራ ተለወጠ። የጋፋት ታሪክ ጥንካሬውም ስብራቱም ከዚች ቀን ይጀምራል። ሥራው የተጀመረው በአድናቆትና በሽልማት እንደነበረ ሁሉ በእስርም ነበር፤ ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልተለያዩም።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ነገሩ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው። ነሐስ ለማቅለጥ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህ ሙቀት ጥቂት ኪሎ ለሚያነጥር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ብዙ ኩንታል ብረታ ብረት ባንድ ጊዜ ፈሳሽ አድርጎ ሳይቀዘቅዝ ወደ ቅርጽ ማውጫው ማድረስ ግን ሌላ ሙያ ነው። እቶኑ የሚገነባበት ሸክላ ራሱ መቅለጥ የለበትም፤ ቅርጽ ማውጫው እርጥበት ካለበት እንፋሎቱ ሥራውን ያፈነዳዋል፤ መሐል የሚቆመው እንብርት በትንሹ ካዘመመ የመድፉ አንድ ጎን ስስ ይሆንና በመጀመሪያው ተኩስ ይሰነጠቃል። ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከስሕተት ተማሩት። ሙከራ ሲከሽፍ ንጉሡ ተስፋ አልቆረጡም፤ እንዲያውም ከአንዳንድ ዘመናዊ ሥራ አስኪያጅ የተሻለ ትዕግሥት አሳይተው እንደገና እንዲሞከር አዘዙ። በመጨረሻም የመጀመሪያው ሞርታር ተሳካና ሲተኮስ የሚፈነዳውን አረር ያዩት ዐፄ ቴዎድሮስ እጅግ ተደሰቱ። ባለሙያዎቹ ካባ ለበሱ፣ ፈረስና በቅሎ ተሸለሙ፣ ብር ተሰጣቸው፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር የንጉሡን የቅርብ ወዳጅ የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ። የአገሩ ወጣቶችም በጋፋት የቀለጣን፣ የአናጢነትንና የጋሪ ሥራን ሙያ ከእነርሱ ጎን ሆነው ይማሩ ጀመር።

ነገር ግን ጋፋት ምን ሠራች ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ ምን መሥራት አልቻለችም የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ያስተምራል። ጋፋት ሞርታር ሠራች፤ መድፍ ሠራች፤ ጋሪ ሠራች። አንድ የጠመንጃ አፈሙዝ ግን ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አልሠራችም። አላዋቂ ሰው ትልቁን የሠራ ትንሹን መሥራት አያቅተውም ይላል፤ በብረት ሥራ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ሞርታር አጭርና ሰፊ ነው፤ ውስጡ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ አረሩ ይወጣል። የጠመንጃ አፈሙዝ ግን አንድ ሜትር ለሚጠጋ ርዝመት ቀጥ ብሎ መቦርቦር፣ ውስጡ መለስለስና መቦይ፣ ኋላው ደግሞ ጋዝ በማያሳልፍ ጥርስ መዘጋት አለበት። ይህ ቶርኖ፣ መቦርቦሪያ፣ የጥርስ ማውጫና የመለኪያ መሣሪያ ይፈልጋል። እነዚህ መሣሪያዎች ደግሞ በእቶን አይቀልጡም፤ መሣሪያን የሚወልደው ሌላ መሣሪያ ነው። ቴዎድሮስ ይህንንም ተረድተው እንደነበር ሥራቸው ይመሰክራል። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ሲጽፉ የወዳጅነት እጃቸውን ዘረጉ፤ ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ያለ መልስ ተቀመጠ። በንቀቱ የተቈጡት ንጉሥ በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ፤ እስረኞቹም በጊዜ ብዛት በረከቱ።

በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ራሳም ሲመጣ ነገሩ የሚለዝብ መስሎ ነበር። ሆኖም ቴዎድሮስ ራሳምንም ከእስረኞቹ ጋር አስቀርተው፣ ባለሙያና የፋብሪካ መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩ። እዚያም ሰዎቹ ተቀጠሩ፤ ማሽኖቹም ተገዙ። ዕቃው ምጽዋ ደረሰ። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹ ሳይፈቱ ዕቃው አያልፍም አለ፤ ንጉሡ ደግሞ ዕቃው ሳይመጣ እስረኞቹ አይፈቱም አሉ። ማሽኖቹ ከባሕሩ ዳር አልፈው ደጋውን ሳያዩ ቀሩ። በዘመኑ ዲፕሎማቶች መዝገብ ይህ ከብዙዎቹ ክርክሮች አንዱ ነው፤ በመሣሪያ ሥራ ታሪክ ሲታይ ግን የዐፄ ቴዎድሮስ ዕቅድ የተሰበረው መቅደላ ላይ ሳይሆን እዚያው ምጽዋ ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በሰው እስራት የሚገዛ ዕውቀት ባለቤቱን እንዴት እንደሚያስርም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

ያገኙት ማቅለጥ ብቻ ስለሆነ፣ በሚያቀልጡት ነገር ላይ መጠን ጨመሩበት። በ1859 ዓ.ም. ከመድፎቹ ሁሉ የሚበልጠው ሞርታር ተሠራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአውሮፓ መንግሥታት በክሪሚያ ጦርነት ስሟን ባስጠሯት ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱን የድሮ ጸሐፊዎች እስከ 70 ቶን ያደርሱታል፤ በሌሎች ዘንድ 7 ቶን ያህል ነው ይባላል። አንድ ኩቢክ ሜትር ነሐስ ከ9 ቶን ጥቂት ያነሰ ስለሚመዝን፣ 70 ቶን ማለት ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር፣ ቁመቱም ሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነሐስ ማለት ነው። መቅደላ ላይ የተጋደመውን አካል ዞሮ ያየ ባለሙያ የትኛው አኀዝ እንደሚቀርብ ለመገመት አይቸገርም። ሰባቱም ቢሆን ጎማ ባልነበረበት አገር ቀላል ሸክም አይደለም።

በዚህ ጊዜ መንግሥቱ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። ትግሬ ሸፍቷል፤ ሸዋ በምኒልክ ሥር ራሱን ችሏል፤ ላስታን ዋግሹም ጎበዜ ይዘዋል፤ የጎበዜን አባት ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ቀደም ሲል ስላስገደሉ በሁለቱ መካከል እርቅ አይታሰብም። በበጌምድር ራሱ ገበሬው በዘረፋ ተማሮ ከድቷል። ከመኖሪያቸው ከደብረ ታቦር ውጭ የቀራቸው ምሽግ መቅደላ ብቻ ነው፤ እስረኞቻቸውና ግምጃ ቤታቸውም እዚያው ናቸው። በመስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ሠራዊታቸውን፣ የጋፋትን ባለሙያዎችና መድፎቹን ሁሉ ይዘው ወደ ምሥራቅ ተነሡ። ያለ ሸክም የሚሄድ ሰው በጥቂት ቀናት የሚጨርሰው ይህ ጉዞ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው አበቃ።

ጉዞው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የመንገድ ሥራ ነበር። ሴባስቶፖልን ለመጎተት አምስት መቶ ያህል ሰው በጠፍር ገመድ ይሰለፍ ነበር፤ በቁልቁለት ደግሞ እነዚሁ ሰዎች ከኋላ ሆነው ጋሪው እንዳያመልጥ ይይዙታል። መንገድ በሌለበት ገደል ላይ ቋጥኙ በባሩድ ይፈነዳል፣ ፍራሹ ይደለደላል፣ ከዚያ ጋሪው ጥቂት ይራመዳል። ንጉሡ ከንጋት እስከ ምሽት ከሥራው ላይ ነበሩ፤ ድንጋይ በእጃቸው ያነሣሉ፣ አፈር ይደለድላሉ፣ መስመሩን ራሳቸው ያሳያሉ። ንጉሠ ነገሥት ድንጋይ ሲሸከም ያየ ወታደር እኔ አልሸከምም ለማለት አይደፍርም፤ ሌሊት ግን ይከዳል። ከኋላና ከጎን ሽፍታ አለ፤ ስንቅ ከገበሬው ጎተራ ይወሰዳል። ከጨጨሆ በላይ ያለው ደጋ ከገደሉ ሲነጻጸር ረፍት የሚሰጥ ነበር፤ ከዚያ በቤተ ሆር በኩል ወደ ዋድላ ተሻገሩና የጅጣ ገደል አፉን ከፍቶ ጠበቃቸው።

ጅጣ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ድረስ ከ1000 ሜትር በላይ የሚወርድ ሸለቆ ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ደላንታን ለመያዝ ያንኑ ያህል መውጣት ያስፈልጋል፤ ከደላንታ ማዶ ደግሞ በሽሎ ተመሳሳይ ሸለቆ አለው። በሁለቱም ገደሎች ጠመዝማዛ የመድፍ መንገድ ተቆረጠ። የዳገቱ ስፋትና ልክ ለከባድ ጋሪ የተመጠነ ነበር፤ የሠሩትም መሐንዲስ ያልሆኑ የእጅ ባለሙያዎችና ዶማና መቆፈሪያ የያዙ ወታደሮች ናቸው። ቴዎድሮስ በጦርነት ካሸነፉት ድል ሁሉ ይህ መንገድ በሥራነቱ የሚበልጥ ነው ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ጅጣን በእግሩ የወረደ ሰው ግን አይከራከርም። በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ።

በዚያን ጊዜ ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደር ይዘው ከዙላ ተነሥተው በትግራይና በላስታ በኩል እየመጡ ነበር። የባሕር ወደብ ሠርተው፣ በጠረፉ የባቡር ሐዲድ ዘርግተው፣ ከህንድ 44 ዝሆኖች አምጥተው ከባዶቹን መድፎች አሸክመዋቸዋል። ዋግሹም ጎበዜ መንገድ አልዘጉባቸውም። ናፒየር ዋድላ ሲደርሱ በቤተ ሆር በኩል ቴዎድሮስ የሠሩትን መንገድ አገኙ። ሴባስቶፖል በወረደበት የጅጣ ቁልቁለት የእንግሊዝ ዝሆኖች ወረዱ፤ በወጣበትም ወጡ። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ሳምንታት ሊፈጅባቸው የሚችለውን ሥራ ጠላታቸው ጨርሶ አቆያቸው። ለአንድ መድፍ ሲባል የተቆረጠው መንገድ ለሠሪው ሞት አቋራጭ ሆነ።

በሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ እሮጌ ላይ ጦርነት ሆነ። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቴዎድሮስ በቁጣ ብዙ የአገሩን ተወላጅ እስረኞች ከገደል አስጥለው ነበር፤ ይህን የሚሸፍን ምንም የሙያ አድናቆት አይኖርም። በዕለቱ በራሳቸው ስም ቴዎድሮስ የሚባለው ትልቁ መድፍ ባሩድ በዝቶበት ሲተኮስ ፈነዳ፤ የሌሎቹም አረር ከጠላት ራስ በላይ አለፈ። ሴባስቶፖልም በውጊያው ላይ ያመጣው ለውጥ የለም። ፊታውራሪ ገብርዬና 7 መቶ ያህል ሰው ሞቱ፤ ከእንግሊዞች ቁስሉ ጸንቶበት የሞተው 2 ሰው ብቻ ነበር።

ይህን ልዩነት ያመጣው ትልቁ መድፍ አይደለም፤ በእንግሊዝ እግረኛ እጅ የነበረው ሰናድር ነው። የዚህ ጠመንጃ አሠራር ለመሣሪያ ባለሙያ ልዩ ትርጉም አለው፤ አዲስ የተሠራ ጠመንጃ ስላልነበረ ነው። እንግሊዞች በአፈሙዙ የሚጎረስ፣ ኤንፊልድ የተባለ የ1853 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ በብዛት ነበራቸው። አሜሪካዊው ስናይደር ባቀረበው ዘዴ መሠረት ከ1866 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሮጌው አፈሙዝ የኋላ ጫፍ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ተቆርጦ ተጣለ፤ በቀረው አፈሙዝ ላይ ጥርስ ወጣለት፤ በዚያ ጥርስ ላይ በጎን የሚከፈት አዲስ ጎራሽ ቤት ተጠምዶ ጠበቀ። ፈጣሪው ስናይደር የሥራውን ዋጋ በወጉ ሳያገኝ በዚያው ዓመት ሞተ፤ በአማርኛ ግን ስሙ ሰናድር ሆኖ ቀረ። በአፈሙዙ የሚያጎርስ ወታደር በደቂቃ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢተኩስ፣ ሰናድር የያዘው እስከ አሥር ጊዜ ይተኩሳል፤ ለማጉረስም መቆም የለበትም። በዕለቱ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር በፈትል እሳት የሚተኮሰው የአበሻ ነፍጥ ጉዳት በረታ። ስለዚህ በእሮጌ ያሸነፈው ጥቂት ጣት የምትሆን የተጠረበች ጥርስ ናት፤ ያችን ጥርስ የምታወጣው ቶርኖ ደግሞ ምጽዋ ደርሳ የተመለሰችው ናት።

የዚያች ጥርስ ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የሚያውቀው የጠመንጃ አዳሽ ነው። ፋብሪካ አፈሙዝን ከጎራሽ ቤቱ ጋር ሲያጋባ ትከሻ ለትከሻ እስኪናከስ ድረስ አጥብቆ ነው፤ በየተኩሱ እንዳይላላ። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። የጥቁር ባሩድ ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በጥርሶቹ መካከል ዝገት ይሆናል፤ ዝገቱም ሁለቱን ብረት እንደ አንድ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ያለውን አፈሙዝ ለመፍታት ጉልበት ብቻ የያዘ ሰው አፈሙዙን ያጣምማል ወይም ጎራሽ ቤቱን ይሰነጥቃል። የተማረ እጅ ሞርሳውን የመዳብ ወይም የእንጨት ጉንጭ ያለብሰዋል፤ መጋጠሚያውን ዘይት አጠጥቶ ያሳድረዋል፤ ካስፈለገ ሞቅ ያደርገዋል እንጂ አያቀላውም፣ የጎራሽ ቤቱ ጥንካሬ በእሳት ስለሚጠፋ። ጎራሽ ቤቱን በልኩ በተሠራ ቁልፍ ይይዝና ረጅም ዘንግ ጨምሮበት፣ ቀስ እያለ ከመግፋት ይልቅ በአንድ በተመጠነ ምት ያስደነግጠዋል። አፈሙዙ የማይፈለግ ከሆነ ደግሞ ቶርኖ ላይ ከትከሻው አጠገብ ስስ ቦይ ይቆርጥለታል፤ ትከሻው የተሸከመው ውጥረት ሲለቀቅ እልኸኛው ጥርስ ብዙ ሳይታገል ይፈታል። ይህ ሁሉ በኋላ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ በሺህ የገቡትን ጠመንጃዎች፣ በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ከግብፆች የተማረኩትን ሬሚንግተኖች ጭምር፣ ለያዘ አገር የዕለት ጉዳይ ነበር።

በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካው ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሰብሮ ገባ። ዐፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ በሽጉጥ ራሳቸውን ሰዉ። ሽጉጡ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ እንግሊዞች አምባውን አቃጠሉ፤ መድፎቹንም በባሩድ አፈነዱ። የጋፋት ባለሙያዎች ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ባሕሩ ወረዱ። ሞሪትስ ሆል ኢያፋ ገብቶ ኖረ፤ በዚያ ዓመት መቅደላ ላይ የተወለደችው ልጁ ማግዳሌና በኋላ የእንግሊዙ ዝነኛ ተዋናይ የፒተር ኡስቲኖቭ አያት ሆነች። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በ1873 እ.ኤ.አ. በብሩማና ትምህርት ቤት፣ በኋላም በቤሩት አጠገብ በአስፉሪያ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አቋቋመ። ተገዶ መድፍ የሠራ ሰው የዕድሜውን ሁለተኛ አጋማሽ በዚህ ማሳለፉ ምናልባት በአጋጣሚ አልነበረም።

ናፒየር ሲመለሱ ላደረጉላቸው ትብብር ለትግሬው ካሣ ምርጫ ጥቂት መድፎችና ከ8 መቶ በላይ ጠመንጃ ሰጡ። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ቢነግሡም፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በቁጥር የሚበልጠውን ሠራዊታቸውን ይዘው ካሣን ሲገጥሙ በዚያው መሣሪያ ተሸነፉ፤ ካሣም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። የላስታ ዘውድ በዚህ ሁኔታ አለፈ። ከጋፋት ሥራ በአምባው ላይ የቀረው ሴባስቶፖል ነው፤ ምስሉ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ዋናው ግን ከዋድላና ከደላንታ ማዶ፣ በተጎተተበት መቅደላ ላይ በከፊል አፈር ውስጥ ገብቶ ተጋድሟል።